የአባ ዳማ ዘር

ለሚ ኩራ ሄዶ «የበዳሳ ቤት የት ነው?» የሚል እንግዳ እስኪመሽ ቢዞር አያገኘውም። የእድሩ ጸሐፊ እንኳ ይህ ስም ትዝ የሚለው መዝገቡን ሲገልጥ ብቻ ነው። «የአባ ዳማ ቤት» ካለ ግን ባለሱቋም የባጃጅ ሹፌሩም እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩታል። ከአራተኛው ሕንፃ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ አጥር በላይ የፈረስ ጆሮ ብቅ የሚልበት ግቢ ነው።

ስሙ የፈረስ ስም ነው። ድሮ መኳንንቱም ጀግናውም በፈረሱ ይጠራ ነበር፤ በእነ በዳሳ ቤት ግን ወጉ ትንሽ ለየት ይላል። አያቱ በአንዲት ዳማ ባዝራ ተቀምጠው ከሰላሌ ወደዚህ መጡ። ከዚያች እንስት ፈረስ የተወለደው ሁሉ እንደ እሷው ቀይ ቡኒ፣ ግንባሩ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ጣል ያለችበት ሆነ። አያትየው አባ ዳማ ተባሉ፤ ቀጥሎ አባቱ፣ ቀጥሎ እሱ። ስሙ የሰውየው ሳይሆን የዘሩ ነው። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ ስለ መሬቱም ስለ ልጆቹም ተናዘው ካበቁ በኋላ፣ «ዘሩ ከቤት እስካልጠፋ ስሙ ያንተ ነው። ከጠፋ ግን በሌለ ፈረስ እንዳትጠራ» ብለውታል።

የሰላሌ ፈረስ ሲባል የዛሬ ልጆች የሚታያቸው በሠርግ ቪዲዮ ላይ ተሸልሞ የሚያልፈው ነው። የበዳሳ አባት ስለ ፈረሶቻቸው ማውራት ከጀመሩ ግን እራቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ቁመቱ እንደ ፈረንጅ ፈረስ ሰማይ አይነካም፤ ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ቀጭን፣ ሰኮናው ድንጋይ ነው። ገብስ ካገኘ ደስ ይለዋል፣ ካጣ በገለባ ያድራል። ዳገት ሲወጣ አያለከልክም። ሶምሶማውማ፣ ጠላ የሞላ ዋንጫ ይዘህ ብትቀመጥበት ጠብ አይልም ይሉ ነበር። ነገረኞቹ ጎረቤቶች ዋንጫው ግማሽ ነበር ይላሉ፤ እሱን እነሱ ያውቃሉ። በቤቱ ሁለት ሕግ ነበር፦ ባዝራ አይሸጥም፤ ከሰው በቀር ምንም አይጫንበትም።

ከዚያ ከተማው መጣ። የገብሱ ማሳ መንገድ ሆነ፣ የግጦሹ መስክ ኮንዶሚኒየም ሆነ። አባቱ የሞቱ ፈረሶቻቸውን የሚቀብሩበት የወይራ ዛፍ በነበረበት ዛሬ አራተኛው ሕንፃ ቆሟል። አሥራ አንድ የነበሩት ፈረሶች በየዓመቱ እያነሱ ሄዱ፤ ሣር ከሌለ ፈረስ በፍቅር ብቻ አይኖርም። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዷ ሸጌ የምትባል ያረጀች ባዝራ ናት። ሁለተኛው ቦሩ፣ የሸጌ የሞተች እህት ልጅ፣ ስድስት ዓመቱ፣ ገና ያልተኮላሸ ድንጉላ።

በዳሳ ሁለቱን መመገብ አቃተው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ የአባቱን ሕግ አፍርሶ ቦሩን ለኻሊድ ሰጠው። ኻሊድ ከወሎ መጥቶ በጋሪ ብሎኬትና አሸዋ የሚያመላልስ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በዚያ የሚያስተዳድር ታታሪ ሰው ነው። ፈረስ አይመታም፤ በዳሳ የመረጠውም ለዚያ ነበር።

አንድ የነሐሴ ቀን ቦሩ ብሎኬት እንደተጫነ የሸጌን ሽታ አገኘ መሰለኝ፣ ጋሪውን እየጎተተ አስፋልቱን አቋርጦ ወደ ተወለደበት ግቢ በረረ። ልጅ ያዘለች ሴት ለማምለጥ ስትሮጥ ወደቀች፤ ደግነቱ ከጉልበቷ መላጥ በቀር ምንም አልሆነችም። ኻሊድ እያለከለከ ሲደርስ ጋሪው ተገልብጧል፣ አጥሩ ፈርሷል፣ ቦሩ ሸጌ አጠገብ ቆሞ አንገቷን ያሻሻል።

«አባ ዳማ፣ ወሏሂ ዛሬ ሰው ሊገድልብኝ ነበር» አለ ኻሊድ። «እንዲህ ሆኖ ከተማ ውስጥ አይሠራም። ወይ ይኮላሽ፣ ወይ ይውሰዱት።»

ለመውሰድ ሣሩ የት አለ? በዳሳ ሌሊቱን ሲያስብ አደረና አንድ መጽናኛ አገኘ። አባቱ በሕይወት ሳሉ ከዚሁ ዘር ሁለት ባዝራዎች ለሰላሌ ዘመዶቻቸው በስጦታ ሰጥተዋል። ባዝራ ካለ ድንጉላም አይጠፋም። ዘሩ እዚያ አለ፤ ለሸጌም ከእህቷ ልጅ ራቅ ያለ አንዱን እለምናለሁ አለ። በሳምንቱ አኮላሹን ጠሩት። ቦሩ እንዳይደነግጥ ብሎ ጭንቅላቱን የያዘው በዳሳ ራሱ ነው። ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ «አይዞህ፣ አይዞህ» ሲለው ፈረሱ አምኖት ቆመ።  እስከ ዛሬ የበዳሳን አንጀት የሚያቃጥለው ይኸው ነው።

በጥቅምት ድንጉላ ሊለምን ሰላሌ ወረደ። ያጎቱ ልጅ በደስታ ተቀብሎት ወደ ጋጣው ወሰደውና ሰባት ያማሩ በቅሎዎች አሳየው።

«ፈረሶቹስ?» አለ በዳሳ።

«እናቶቻቸው ነበሩ! ባዝራዎቹን ሁሉ ለአህያ ነው የሰጠናቸው። በቅሎ ነው የሚያዋጣው ወንድሜ። የመጨረሻዋ ባዝራ አምና ሞተች።»

በቅሎ አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይላል ሰው እየሳቀ። በዳሳ ሰባቱን አንድ በአንድ አያቸው። የአባቱ ፈረሶች ደረት አላቸው፣ የአባቱ ፈረሶች ዓይን አላቸው፤ ግን በቅሎ አትወልድም። ያቀረቡለትን እህል በላ፣ ጠላቸውን ጠጣ፣ መርቆ ተነሣ። ያለቀሰው በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነው። ዘር ጨረሽ ቢባል ሌላ ማን ነው? በገዛ እጁ ይዞ አስኮላሽቷል።

በጥር ወር ሚስቱ ወርቄ ገለባ ስትሰጥ ቆየችና ጠራችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ባዝራ የምትበላው ለአንድ ሆድ አይመስለኝም።»

«እርጅና ነው፤ ሆዷ ወርዶ ነው» አላት።

«እኔ አራት ወልጃለሁ፤ አንተ ስንት ወለድክ?»

የእንስሳት ሐኪም መጣ፣ ዳሰሰ፣ «አምስት ወር አልፏታል» አለ። በዳሳ በጣቱ ወደ ኋላ ቆጠረ፤ ጥር፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት፣ መስከረም፣ ነሐሴ። አጥሩ የፈረሰበት ቀን! ኻሊድ ከመድረሱ በፊት ሆኗል ማለት ነው። ከዘራውን ሳያነሳ እየሮጠ ብሎኬት ማምረቻው ድረስ ሄደና ጋሪ ላይ የተጠመደውን ቦሩን አንገቱን አቅፎ «ይቅር በለኝ ጌታዬ» አለው። ኻሊድ ዞር ብሎ ሌላ ነገር የሚያይ መሰለ።

ከዚያ ወዲያ ያ ግቢ የሠርግ ቤት መሰለ። የመጨረሻ ልጁ ዮሃና ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቢሮ ትሠራለች። «አባዬ ሲሪየስሊ፣ ኮንዶሚኒየም መሃል ፈረስ ማርባት ኦኬ ነው እንዴ?» ስትል የኖረች ልጅ፣ እሁድ እሁድ ከሱፐርማርኬት ካሮት ገዝታ መምጣት ጀመረች። ሦስቱ ወንድሞቿ ከአገር ወጥተዋል፤ ፈረስም አይወዱም።

አንድ እሁድ በዳሳ የሸጌን ሆድ እያሻሸ፣ «ሴት ከወለደች ያንቺ ናት። ስሙም ያንቺ ነው» አላት።

«እኔ? አባ ዳማ?» ብላ ሳቀች።

«እማ ዳማ ይሉሻል። ማን ከለከለሽ?»

ዮሃና መሳቋን ተወች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ካሮቱን በትናንሹ መቁረጥ ቀጠለች።

በሐምሌ ሸጌ ቀኗ ደረሰ። ዝናብ ያደረበት ጠዋት ነበር። ወርቄ ቡልኮ ዘርግታለች፣ በዳሳ እጅጌውን ሰብስቧል። አንዲት ሰኮና ብቅ አለች፤ ሁለተኛዋ ልትመጣ ሲጠብቁ አልመጣችም። የውርንጭላዋ አንድ እግር ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሐኪሙ ቢደወልለት መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ነበር፤ ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። እግሯን አቃንቶ ሳባት።

ሴት ናት። ዳማ ናት። ግንባሯ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ አለች።

በዳሳ አፍንጫዋን በእጁ ጠርጎ እፍ አለባት። ደረቷን በጋቢው አሻት፣ እንደገና እፍ አለባት። ሐኪሙ ትከሻውን እስኪይዘው ድረስ አላቆመም። ሸጌ ጎንበስ ብላ ልጇን ላሰቻት፣ ገፋቻት፣ ላሰቻት።

«እናቲቱ ትተርፋለች» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ ግን አትወልድም አባቴ። ልሸነግልዎት አልፈልግም።»

ወርቄ ጩኸቷን ነጠላዋን ነክሳ ዋጠችው። በዳሳ ውርንጭላዋን በጋቢው ጠቀለላት። የዘሩ ፈረሶች የሚቀበሩት ወይራው ሥር ነው፤ ወይራው ባይኖርም ቦታው አለ። ሲነገረው ሥራውን ጥሎ የመጣው ኻሊድ ጋሪውን አቀረበ። ጋሪው ላይ የተጠመደው ቦሩ ነው። ከቤት ውስጥ ሸጌ አሽካካች፤ ቦሩ ጆሮውን አቁሞ መለሰላት፣ ከዚያ ኻሊድ የልጓሙን ዛብ ሲነካለት እንደ ታዘዘው ልጁን ይዞ መራመድ ጀመረ። በሶምሶማ አልሄደም፤ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። በዳሳ መንገዱን ሁሉ አንድ እጁን ጋቢው ላይ፣ አንድ እጁን ፈረሱ ጀርባ ላይ አድርጎ ከጎን ሄደ።

ከአራተኛው ሕንፃ ግድግዳ ሥር ጠባብ የሣር መደብ አለ። በዳሳ አካፋውን ሲያነሣ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ እየሮጠ መጣ። አዲስ ቅጥር ነው፤ ሰፈሩን አያውቅም።

«አባት፣ እዚህ መቆፈር አይቻልም።»

«ታላላቆቿ ከሥር ናቸው» አለ በዳሳ። «አጠገባቸው ላስተኛት ነው። ብዙ ቦታ አትይዝም፣ ትንሽ ናት።»

ጥበቃው ጋቢውን አየ፣ ከጋቢው ጫፍ የወጣችውን ሰኮና አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ እሺ ባልኩ፤ ግን ኮሚቴውን ሳላስፈቅድ እባረራለሁ» አለና ስልኩን አወጣ። «ማን ናቸው ብዬ ልንገራቸው?»

ኻሊድ ፈጠን ብሎ፣ «እንዴ፣ እሳቸውን የማያውቅ አለ? አባ...» ሲል በዳሳ ክንዱን ያዘው።

«በዳሳ ነኝ» አለ። «በዳሳ ብለህ ንገራቸው።»

ጥበቃው ስልኩ ላይ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመው። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ግን እንዲህ የሚባል ጎረቤት እንደማያውቅ ተናገረ።