ያልፈላ ውሃ

ክርያት ሞሼ ሰፈር እናቴ ቤት ስገባ ቀድሞ የሚቀበለኝ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ነው። የቧንቧ ውሃ በነጠላ አጥልላ ታፈላለች። ልጄ ሺራ ከጦሩ ለሰንበት በመጣች ቁጥር ትስቅባታለች።

"ሳብታ፣ የቧንቧ እኮ ነው! ቤሰደር ነው፣ ደህና ነው፣ ዝም ብለው ይጠጡት።"

አያቷ ማጥለሏን ትቀጥላለች። እኔም መሳቁ አይመጣልኝም።

ልጅ እያለሁ፣ ዛሬ ወደምንኖርባት ቅድስት አገር ለመሻገር በእግር ወደ ሱዳን ስንወርድ፣ ቀን ጥሻ ውስጥ ተደብቀን ሲመሽ እንጓዝ ነበር። የቆላው ሽታ፣ የደረቀ ሣርና የጭቃ፣ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። አባቴ ኩሬ አይነካም። ከኩሬው ራቅ ብሎ አሸዋውን በእጁ ይቆፍርና ውሃው እስኪያቆር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያንኑም ነጠላውን አራት አጥፎ ቅሉ አፍ ላይ እየወጠረ ያጠልለዋል።

አንድ ቦታ ግን መሬቱ ድንጋይ ሆነ፤ ከብት ከረገጠው ኩሬ ተቀዳ። እኔና ታናሽ እህቴ እናኑ ነጠላው ላይ የቀረውን አልቅት በእንጨት እየጫርን "የኔ ይቀድማል፣ የኔ ይቀድማል" ተባባልን። ልጅ በረሃም ላይ ጨዋታ አያጣም።

"ትንሽ እሳት ብናነድስ?" አለች እናቴ። "ለልጆቹ እንኳ ቢፈላ።"

"ጭስ ያሳብቃል" አለ አባቴ። "ሽፍታው ካየን ማን ይተርፋል?"

እውነቱን ነበር። ውሃውም ጠርቶ ነበር። እናኑ ቅሉ ውስጥ ፊቷን አይታ ሳቀች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ተረት የሚያወራ አይመስለኝም።

በማግስቱ ሆዷን ያዛት። በላይም በታችም ያልወጣት ነገር አልነበረም። "ውሃ" ትላለች፤ እናቴ ያንኑ ውሃ ታጠጣታለች። ሌላ ምን ነበረና!

ብዙም አልቆየች። አባቴ ነጠላውን አራግፎ በእሱ ገነዛት፤ ሌላ ጨርቅ አልነበረንም። በእኛ ወግ ሬሳ የነካ ሰው በወራጅ ውሃ ሳይነጻ ከሰው አይቀላቀልምና፣ አባቴ ብቻውን ከኋላችን ራቅ ብሎ ይከተለን ጀመር። ወራጅ ውሃ በዚያ በጋ ከየት ይምጣ? እኛም ማጥለያ ስላልነበረን እስከ ሱዳን ድረስ ያገኘነውን እንዲሁ ጠጣን። አንዳችንም አልታመምንም። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

አባቴም ካረፈ ቆየ። ዛሬ እሳት በጣት ይበራል፤ ጭስ አይቶ የሚመጣ ሽፍታም የለም። እናቴ ያፈላችውን አቀዝቅዛ በትንሽ ኩባያ ጠረጴዛው ጥግ ታስቀምጣለች። ባለፈው ሺራ ጠምቷት ልታነሳው ስትል እጇን ያዘቻት።

"ተይው ልጄ፣ የሰው ነው።"

የማን እንደሆነ ለሺራ አልነገርኳትም። ብነግራትስ ምን ይፈይዳል? ሲመሽ እናቴ ኩባያውን ትደፋዋለች፤ ሲነጋ ደግሞ ማንቆርቆሪያውን ትጥዳለች።