ዳጉ የገባበት ጌም

ሰመራ ከሰዓት በኋላ ታንቀላፋለች። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ሲከተው፣ ከሎጊያ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ብቻ እየራቀ ሲሰማ፣ እኔ ቬንትሌተሬን ከፍቼ ላፕቶፔ ውስጥ ወዳለው በረሃ እገባ ነበር። በየአገሩ የተበተንን ጨዋታ ወዳዶች፣ በትርፍ ጊዜያችን አንድ የቆየ ጌም ላይ አዲስ ምድር እንጨምራለን፤ ሞድ ይባላል። ደሞዝ የለውም፣ እናቴም እስከ ዛሬ አልገባትም። ተራራውን ሌሎች ሠሩት፤ ለእኔ የደረሱኝ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸው መንገደኞች ናቸው።

ያናድዱኝ ነበር። ሁለት ሰው በዚያ ምድረ በዳ ይገናኝና ዝም ተባብሎ ይተላለፋል። እኔ ከመልካ ወረር መጥቼ እዚህ ሥራ ስይዝ መጀመሪያ የወደድኩት ዳጉን ነው፤ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ተነጋግረው ነው የሚለያዩት። ይህንኑ ለመንገደኞቼ ሰጠኋቸው።

ጉድ ፈላ። የተገናኘ ሁሉ ቆሞ ቀረ። ነጋዴው ግመሉን እንደያዘ፣ ወታደሩ ሌባውን እንደያዘ፣ ያንኑ ወሬ ይቀባበላሉ። ገበያው ባዶ ሆነ። እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ ተጠጋግተው ሲንሾካሾኩ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ በሕልሜም እሰማቸዋለሁ። የቡድናችን መሪ ግን አልሳቀም። "እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ከጌሙ ይወጣል" ብሎ ጻፈልኝ። ዳጉው ከወጣ እነዚያ ሰዎች መልሰው ዝም ተባብለው ሊተላለፉ ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ለእኔ አገር አይደለም።

ለቢሮ ባልደረባዬ፣ ዲቾቶ ተወልዶ ላደገው አፋር፣ አሳየሁት። ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

"ወላሂ፣ ምን ነክቷቸው ነው? ወሬውን መልሰው ለነገራቸው ሰው ይነግራሉ እንዴ?"

ለካ ማን ምን እንደሰማ እንዲያስታውሱ አላደረግኩም! አብረን ተቀምጠን አስተካከልነው። "የሞተ ሰው ካለ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠያየቁ እንዳይለያዩ" አለኝ፤ ጨመርኩት። መንገደኞቹም ተነጋግረው ሲያበቁ መራመድ ጀመሩ።

ዓርብ መሪው ራሱ ሊሞክረው ገባ። ገና ሳይርቅ፣ የውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ጅብ በላው። ሌላ ሰው ሆኖ እንደገና ጀመረና ብዙ ተጉዞ አንዲት ከተማ ደረሰ። በሩ ላይ አንዲት ሴት አስቆመችው።

"ጉድጓዱ ጋ አንድ እንግዳ ሞቷል። የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ?"

ከዚያ በኋላ ያገኘው ሁሉ ያንኑ ጠየቀው።

"ጌም ውስጥ ስንት ጊዜ ሞቻለሁ፤ ዘመዶቼን የጠየቀ ግን ኖሮ አያውቅም" ብሎ ጻፈልኝ። "ዳጉው ይቆይ።"

እንባዬ መጣ። ሮጬ ሄጄ መልእክቱን ለባልደረባዬ አነበብኩለት። እንደ እኔ የሚፈነድቅ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን ኮስተር አደረገ።

"ታዲያ የሟቹ ዘመድ ተገኘ?"

ጌም እኮ ነው ልለው አሰብኩና ተውኩት።

"እየጠየቁ ነው" አልኩት።