በአባቱ ስም የተገኘው ቅድመ አያቴ

በእኛ ቤት ቅድመ አያቴ የሚነሳው በኩራት ነበር። ከዘመዶቻችን መካከል ባሕር የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ከሰል እየማገደ ለንደን ገባ ይባላል። ሚስቱንና የሦስት ዓመት ሴት ልጁን፣ ማለትም አያቴን፣ ትቶ እንደሄደ ቀረ። ወሬው ሲጠፋ ባሕር በላው ተባለ።

እኔም ለንደን ገብቼ ስንት ዓመት ስኖር ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ያስታወሱኝ ክላፋም የሚኖሩት አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። አንድ እሑድ ጉልበታቸውን እያሹ፣ "እዚህ አገር ወረቀት አይጠፋም ይላሉ። እናቴ አባቷ የት እንደወደቀ ሳታውቅ ሞተች። እስቲ እኔ እንኳ ልወቅ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አርፎ መቀመጥ አቃተኝ። የምሠራው ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ነው። ብሬክ ስወጣ ጓንቴን አውልቄ ስልኬ ላይ የድሮ መርከበኞችን መዝገብ ቼክ አደርጋለሁ። ኦፍ ስሆን ቤተ መዛግብት እሄዳለሁ። ስሙን በስንት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት፤ የለም። አውቶቡስ ላይ ሌላ አጻጻፍ ይመጣልኝና ስሞክር ፌርማታዬን አልፋለሁ።

በአራተኛው ቀን ቤተ መዛግብቱ ውስጥ የምትሠራ ሽበታም ሴት አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"የምትፈልጊው በቤተሰብ ስሙ ነው?" አለችኝ።

"በራሱ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የአባታችን ስም ነው የሚጻፈው።"

"ታዲያ የዚያን ጊዜ ጸሐፊ ይህን በምን ያውቃል? በአባቱ ስም ፈልጊው።"

አፈርኩ። እኔን ራሴን ሐኪም ቤት የሚጠሩኝ በአባቴ ስም አይደል?

አንድ የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ወጣ። ጸሐፊው ስሙን እንዳይሆን አድርጎ አጣሞታል። ሙሽራው በፈረመበት ቦታ ግን፣ ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሐል፣ ስሙና የአባቱ ስም በእኛው ፊደል ተጽፈዋል። የመጨረሻዋ ፊደል ከመስመሩ ወርዳለች።

"አገኘሽው!" ብላ ሴትዮዋ ትከሻዬን ነካችኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ከስሙ ጎን ያለውን ቃል አነበብኩት፤ "ያላገባ" ይላል።

ሁለት ሳምንት ሥራ በዛብኝ እያልኩ ክላፋም ሳልሄድ ቀረሁ። ፍለጋውን ግን መተው አልቻልኩም። በዚያው ቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ ላይ አንዲት ሴት ልጁን አገኘሁ። ስሟ የአያቴ ስም ነው።

በመጨረሻ ሄጄ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"በእናትዎ ስም ነው የጠራት" አልኩ፣ የሚያጽናናቸው መስሎኝ። "እናትዎን አልረሳትም ማለት ነው።"

"ሰው በሕይወት ያለ ልጁን ስም ለሌላ ልጅ ይሰጣል?" አሉ። "እንደሞተች ቆጥሯት ነው።"

ብድግ ብለው እስከ መስኮቱ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው እንደገና ሄዱ።

"ያችኛዋስ ወልዳለች?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል?"

የልጅቷን የጋብቻ ወረቀት ለማግኘት አፕላይ አደረግሁ። ከእሱ ተነስቼ ወንድ ልጇን፣ ከዚያም ክሮይደን ያለ አድራሻውን አገኘሁ። እሷ ሞታለች፤ እሱም ሽማግሌ ነው። ደብዳቤ ጽፌ የአክስቴን ስልክ ሰጠሁት። እስኪመልስ ድረስ አክስቴ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውሉልኝ ጀመር፤ "የእንግሊዝ ፖስታ እንዲህ ቀርፋፋ ነው እንዴ?" እያሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀምጠን ሳለ ስልካቸው ጮኸ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስማቸውን ይጠይቃል። ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ከለከሉኝ።

"የእናቴ እህት ልጅ በእነሱ ቋንቋ ምን ይባላል?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ከዝን።"

"በቃ? ቃሏ ይህችው ናት?" አሉና ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱ።