አርባ ፈረስ በአቶ ወልዴ ሚዛን

የአርመኑ የሙሴ አርቲን ጋራዥ የገባሁት በአናጢነት ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ ሶዶ ውስጥ መኪና በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ለጭነት መኪና የእንጨት ሳጥን የሚሠራለት ሰው ፈልጎ ቀጠረኝ። በመጀመሪያው ቀን ግን ያሠራኝ ሌላ ነገር ነበር። ሁለት የወይራ ግንዲላ ሰጥቶ፣ «የሞተሩን መዘውር ግራና ቀኝ እንዲያቅፉ አድርገህ ጥረባቸው» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ጠረብኳቸው፤ ልክክ አሉ።

የሞተር ጉልበት መለኪያ መሆናቸውን ቆይቼ ተረዳሁ። ሞተሩ ከመኪናው ወርዶ መቆሚያ ላይ ይታሰራል፤ እንጨቶቹ በብሎን ተጠብቀው መዘውሩን ይነክሱታል፤ ከእነሱ የወጣው ረጅም ክንድ ሚዛን ላይ ያርፋል። ሞተሩ ክንዱን ይዞ ሊዞር ሲታገል ሚዛኑን ይጫናል። ያ ክብደት ከክንዱ ርዝመትና በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር ሲሰላ የፈረስ ጉልበቱ ይወጣል።

እያደር ሞተር መግጠም ተማርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የገጠምኩት የእህል ነጋዴውን የአቶ ወልዴን ሞተር ነው። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ከዲምቱ በቆሎ ጭኖ ሲመጣ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለ። አቶ ወልዴ እየጮኹ ገቡ።

«አርባ ፈረስ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ! ይሄ አናጢ ነው ያበላሸብኝ!»

«ጥፋቱ የአንጁሎ ከሆነ ወደ እንጨቱ ይመለሳል» አለ ሙሴ ስሜን ጠርቶ። «መጀመሪያ ግን እንለካው።»

«በእኔ ሚዛን ከሆነ እሺ!»

ሚዛናቸውን በሰው ሸክም አስመጡ። ሞተሩን አስነስቼ ብሎኑን አጠበቅሁ። ወይራው ሲጨስ ውሃ አፈሰስንበት። ሙሴ አሰላና «ሃያ ስምንት» አለ። «ታ ጾሳው!» ብዬ በወላይትኛ ፈጣሪዬን ጠራሁ። እንጀራዬ አለቀላት ብዬ ነበር።

«አሥራ ሁለቱን ማን በላው?» አሉ አቶ ወልዴ።

ሙሴ ወደ እኔ ዞረ። «ማራገቢያውን፣ ዲናሞውን፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አውርድ። ፋብሪካው የሚለካው ራቁቱን ሞተር ነው፤ ወረቀት ላይ የሚጽፈውም ያንን ነው።»

አወረድኩ። እንደገና ለካን። ሠላሳ ሁለት።

«አሁንም ስምንት ይጎድላል!»

ሙሴ ሳቀ። «ይሄንኑ ዓይነት ሞተር ጅቡቲ፣ ባሕሩ አጠገብ ለክቼ አርባ ሞልቷል። ሶዶ ከፍ ያለ አገር ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር እንደ ልቡ አይተነፍስም። እዚህ እኔ ራሴ የገጠምኩት እንኳ ከሠላሳ ሁለት አልፎ አያውቅም።»

ለካ ቁጥሩን አስቀድሞ ያውቀው ኖሯል! አፉን የያዘው እኔ የገጠምኩት እዚያ ቁጥር ላይ መድረሱን ለማየት ነው። የእሱ እጅና የእኔ እጅ አንድ ቁጥር አወጡ። ያን ዕለት የተሰማኝ ኩራት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

አቶ ወልዴ አንዴ ሚዛናቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «እንግዲህ ከገዛ ሚዛኔ ጋር አልጣላም» አሉ። ቀጥለውም «ስንት ኩንታል ልጫን?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ሙሴን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

እስከዚያ የሚጭኑት በአርባ ፈረስ ሂሳብ ነበር፤ ለሃያ ስምንት ፈረስ የሚሆነውን ነገርኳቸው። መኪናው ያንን ጭኖ የዲምቱን ዳገት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ «ስንት ፈረስ ነው?» ላለኝ ሁሉ ቁጥሩን ብቻ ነግሬ አላውቅም፤ የት፣ ምን ተገጥሞለት እንደተለካ አብሬ እናገራለሁ። መኪና የሚጫነው በሚሄድበት አገር፣ ዕቃውን ሁሉ ለብሶ በሚያወጣው ጉልበት ልክ ነው።