የድሬ ቀትርና የእትዬ ስኳር

ረቡዕ፣ መጋቢት 9፣ ከንጋቱ 11፡10። አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ከመስቀል አደባባይ ተነሣ። ወንበር ቁጥሬ 11 ነው። ኪሴ ውስጥ ሦስት ትኬት አለ፤ አንድ የመሄጃ፣ ሁለት የመመለሻ። ሁለተኛው የመመለሻ ትኬት የታላቅ እህቴ የእትዬ ዘነበች ነው። እሷ አታውቅም።

እትዬ ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት ቆይቷል፤ ኢንሱሊን መውጋት ከጀመረች ግን አራት ዓመቷ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳለ በገባንበት ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ባለፈው ወር፣ የነነዌ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ ራሷን ስታ ተገኘች። ያገኘቻት ጎረቤቷ ፋጡማ ናት፤ የቧንቧ ውኃ መጣ ልትላት ገብታ። ውኃው ባይመጣ ኖሮ ማንም አይገባም ነበር።

ወንድሜና እኔ ተማከርን። የወደቀችበት ምክንያት ካልታወቀ ብቻዋን መኖር የለባትም፣ ቤቱ ተዘግቶ እኔ ጋ ትምጣ አልን። እትዬ በስልክ የሰጠችው መልስ አጭር ነበር፦ «እኔ የትም አልሄድም። ከናፈቅኳችሁ እናንተ ኑ።»

ስለዚህ እየሄድኩ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ከዱባይ ያመጣችልኝ ሁለት ሴንሰር አለ። እያንዳንዱ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይበልጥም፤ ክንድ ላይ ይለጠፋል፣ ቀጭን ክሩ ቆዳ ሥር ይገባል፣ ለአሥራ አራት ቀን ስኳሯን በየደቂቃው ወደ ስልክ ይልካል። ከሰባ በታች ሲወርድ ይጮኻል። ለእሷ የሚሆን አሮጌ ስልኬንም ይዣለሁ።

3፡00። አዋሽ

ቁርስ፣ ሽሮ። ሙቀቱ እዚህ ይጀምራል። ሾፌሩ አብዲ ይባላል፣ የድሬ ልጅ ነው። ከእጄ ያልለየሁትን የበረዶ ሣጥን አየ።

«አቦ፣ ምንድነው እሱ? በጾም ሥጋ ደብቀህ ነው?»

«ኢንሱሊን ነው። የእህቴ።»

«እናቴም ትወጋለች።» ሻዩን አማሰለ። «ልትጠይቃት ነው?»

«ላመጣት።»

«ከድሬ? ፈቅዳ?»

«ገና አልነገርኳትም።»

አብዲ ሳቀ። ሚኤሶን አልፈን ዳገቱን ስንጀምርም በመስታወት እያየኝ ይስቅ ነበር።

ጭሮ ምሳ፣ ሂርና ጎማ ማየት፣ ቁልቢ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስና ድንች የሚሸጡ ሴቶች። ደንገጎ ከደረስን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል። ሹራቤን አወለቅሁ።

10፡20። ድሬዳዋ

ከዚራ የባጃጅ ሒሳብ መቶ ብር። ዛፎቹ አሉ። የግቢው በር አረንጓዴ ቀለሙ ተልጧል። እትዬ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ካየኋት ቀጥናለች። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ አትበላም እንዴ?» አለችኝ። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው።

ፋጡማ ከማዶ ተሻገረች። መጋላ፣ ገበያው ሰፈር፣ ተወልዳ፣ እዚያው ጨርቅ እየሸጠች፣ ከዚራ አግብታ የቀረች ሴት ናት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም። «ወሪያ! ፀጉርህን አዲስ አበባ በላችው?» አለችኝና ስማኝ ተቀመጠች።

እጄን ታጠብኩ፣ የእትዬን ግራ ክንድ ከኋላ በኩል በአልኮል ጠረግኩ፣ የሴንሰሩን መትከያ ተጫንኩ። ጠቅ አለ።

«መቼ ነው የሚሰካው?» አለች እትዬ።

«ተሰካ።»

ፋጡማ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። «ቁልፍ ነው የሚመስለው። ልብሱ የታለ?»

ሐሙስ፣ መጋቢት 10፣ ከንጋቱ 11፡35

ስልኩ ጮኸ፣ 56። በሁለት እርምጃ አልጋዋ ዘንድ ደረስኩ። በግራ ጎኗ ተኝታለች። ቀሰቀስኳት፣ ጣቷን ወጋሁ፣ በደም ለካሁ። 131።

ሃያ ስምንት ዓመት ዜና ሠርቻለሁ። ሁለት ምንጭ ሲጋጭ የቅርቡን ማመን፣ የሩቁ ለምን እንደተሳሳተ ማጣራት ልማዴ ነው። የመሣሪያውን መመሪያ አነበብኩ። በክንዱ ላይ ከተተኛበት ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል ይላል። ወደ ቀኝ እንድትዞር አደረግሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሴንሰሩም 124 አለ።

እትዬ ነጠላዋን እየለበሰች ሳቀችብኝ። «ይሄ ዕቃህ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ገና ሳይነኩት ይጮኻል።»

መርፌዋን በሰዓቱ ወጋች። ፍርፍር አቀረበችልኝ። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔ ቆየት ብዬ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «ቁርስ ቀርቧል» ብቻ ነው።

ቀትር

ከፋጡማ ጋር መጋላ ነበርኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቋ ሙሉ ነው፤ ሽቲ፣ ሻሽ፣ በሦስት ቋንቋ ክርክር። ፋጡማ በሶማልኛ ዋጋ ትጠራለች፣ በኦሮምኛ ትቀንሳለች፣ በአማርኛ ትሳደባለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን መጋረጃዎች ወረዱ፣ መዝጊያዎች ተሳቡ። በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ላይ ፍየሎችና እኛ ብቻ ቀረን።

የድሬ ቀትር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ነው። በዚህ ሰዓት በር አይንኳኳም። እንግዳ አይመጣም፣ ጎረቤት አይጠራም፣ ስልክ የሚደውል የውጭ ሰው ነው። የተኛ ሰው ይተኛ፤ የተዘጋ በር ክብር አለው። እኔም እዚህ ነው ያደግሁት። ቤት ስገባ የእትዬ በር ገርበብ ብሏል፣ ምንም አይሰማም። በጣቴ ጫፍ አልፌ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኛሁ።

ማታ ስልኩ ላይ የስኳሯን መስመር ስመለከት፣ ከ6፡40 ጀምሮ ይወርዳል፤ ከ7፡30 እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከስድሳ በታች ነው፤ ከዚያ ሽቅብ ይወጣል። ስልኩ ጮኾ ነበር። እትዬ ከትራስ ሥር ከትታዋለች።

«ተኝቼበት ነዋ» አለችኝ። «ጠዋት ራስህ አይደለህ ያልከው?»

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በጣት አልተለካም።

ዓርብ፣ መጋቢት 11፣ 7፡48

ዛሬ ስልኩን እኔ ያዝኩት። ወንበር ስቤ ከበሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። ግቢው ፀጥ ብሏል፤ የጣራው ቆርቆሮ ብቻ በሙቀቱ ይንጣጣል። 88። 74። 63፣ ቀስቱ ወደ ታች። ጮኸ።

በሩን ለመክፈት የወሰደብኝን ጊዜ አውቃለሁ፤ ከሚገባው በላይ ነበር። ተኝታ ብትሆንስ? ትናንትና እንደ ሳቀችብኝ ብትስቅስ? አምስት አሥርት ዓመት ቀትር ላይ እንዳትነካ የተባልኩት በር ነው።

ገባሁ። በቀኝ ጎኗ ነው የተኛችው። ሴንሰሩ ያለበት ክንድ ነፃ ነው፣ አየር ላይ። አንገቷ በላብ ርሷል፤ እጇ ግን ቀዝቃዛ ነው። ዓይኗን ገለጠች፣ እኔን አየች፣ እኔን አላየችም።

«አባዬ» አለች፤ «ባቡሩ ገባ?»

አባታችን ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፏል።

«ገባ» አልኳት። ጣቷን ወጋሁ። 49።

ፋጡማ ብዬ የጮኽኩት ድምፅ ለመንደሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። በባዶ እግሯ፣ ሻሿን በእጇ ይዛ መጣች። ምንም አልጠየቀችም፤ አራት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጠበጠች። መዋጥ ትችል እንደሆነ አየሁ፤ ትችላለች። ቀና አደረግናት፣ ጥቂት በጥቂት ጠጣች። ፋጡማ ግንባሯን እየጠረገች «አብሽሪ፣ አብሽሪ ዘኑ፣ እኔ ነኝ» ትላታለች።

ከሩብ ሰዓት በኋላ በጣት 71። ደገምናት። ከዚያ 96። ዳቦ በላች።

«ለምንድነው ሁላችሁም አልጋዬ ላይ ያላችሁት?» አለች እትዬ።

ማስታወሻ ደብተሬን አላወጣሁም። «ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የበላሽው?» ብቻ አልኳት።

አንሶላዋን አስተካከለች።

«ትናንትስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለች፣ ወደ ግድግዳው እያየች። «ጾም ነው እኮ።»

«መርፌውስ?»

«ሐኪሟ መርፌ እንዳትዘሊ አለችኝ። በሰዓቱ ተወጊ አለችኝ። አልዘለልኩም። ጾሜንም ከልጅነቴ ጀምሬ አንድ ቀን አልተውኩም። ሁለቱንም ጠብቄያለሁ። ምን አጠፋሁ?»

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተወግታ ስምንት ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆዷን ትውላለች። ስኳሯ ሲወርድ ቀትር ነው፤ ቀትር ላይ ሰው የሚያስበው ተኝታለች ብሎ ነው። ባለፈው ወር የወደቀችውም በነነዌ ጾም፣ በቀትር ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም እትዬ?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ጋዜጠኛ አይደለህ?»

እውነቷን ነው። ባለፈው ወር በስልክ ስለ መርፌው መጠን፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ዓይኗ ጠይቄያታለሁ። መቼ ትበያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ፋጡማ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «እኔ በረመዳን ታምሜ ልጹም ስል ሼኩ ናቸው የተቆጡኝ። ያንቺ ቄስ አይቆጡም?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ወላሂ አሁን ትጠይቂያለሽ» አለች ፋጡማና ስልኩን ሰጠቻት።

ከስልኩ የሚሰማው የንስሐ አባቷ ድምፅ ሻካራ ነው፤ ከቅዳሴ የወጡ ይመስላል። እትዬ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እንደ ልጅ፣ አንድ በአንድ።

«ዘነበች፣ ማነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ ያለሽ?»

«ማንም አባ።»

«እኔን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ለምን?»

«ይከለክሉኛል ብዬ።»

አባ ሳቁ። «እንግዲህ ከለከልኩሽ። ከጾሙ ምግብ አትውጪ፤ ሰዓቱን ግን ተይው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትበይውን አንድ ሳህን ለተራበ ስጪ። ያ ጾምሽ ነው።»

እትዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ፋጡማና እኔ ግቢውን እያየን ተቀመጥን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። የሦስት ቀኑን መስመር በስልኩ ላይ አሳየኋት። ረጅም ሰዓት አየችው። የጠዋቱን መጠን ቀነሰች፣ ቁርስ ሳይበላ መርፌ የለም ብላ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፈች፣ እትዬን ጮክ ብላ እንድታነበው አደረገች።

ሙቀቱ የሴንሰሩን ሙጫ አላልቆታል፤ ጠርዙ ተነሥቷል። ፋጡማ ከሱቋ ስስ የሻሽ ቁራጭ አመጣች፣ በክንዷ ልክ ሰፋች፣ ሳታጠብቅ አሰረችላት። «ይኸው፣ ቁልፉ ልብስ አገኘ» አለች። ቁጥሩን በፋጡማና በእኔ ስልክም እንዲታይ አድርጌ አገናኘሁት።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ትኬት አውጥቼ ለእትዬ ሰጠኋት። ሰኞ፣ ወንበር ቁጥር 12። ስሟን አነበበች።

«ሳትነግረኝ?»

«ሳልነግርሽ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ተሸክማችሁ ልትወስዱኝ።» ትኬቱን ሁለት ጊዜ አጠፈችና የጸሎት መጽሐፏ መሐል ከተተችው። «የት እንዳቆምኩ ማወቂያ ይሆነኛል» አለች።

ፋጡማን ብቻዋን አነጋገርኳት። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ስለሚበላ ብዙ አያሳይም፤ እውነተኛው ፈተና ሰኞ ቀትር ነው፤ ያኔ እኔ መንገድ ላይ ነኝ አልኳት።

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«ሰባት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ አንኳኪ። ስልኩ ባይጮኽም በጣት ለኪያት።»

«በቀትር?» ፋጡማ ግራ ቀኝ አየች፣ የሚሰማት ሰው እንዳለ ሁሉ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ጎረቤቴ ናት። በቀትር አንኳኩቼ የማውቀው አንድ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ። በሕይወት ያለችው ለዚያ ነው።»

ጣት አወጋግ አሳየኋት። መጀመሪያ የራሷን ወጋች፣ ቀጥሎ የእኔን፤ የእኔን ግን ጠለቅ አድርጋ።

ሰኞ፣ መጋቢት 14፣ ከንጋቱ 11፡00። መመለሻ

እትዬ ደጃፍ ድረስ ሸኘችኝ። ለመንገድ ዳቦ ቆሎና የታሸገ ማንጎ ሰጠችኝ። «ስትደርስ ደውል። በቀትር ግን አትደውል» አለችኝ።

ሾፌሩ አብዲ ነው። ወደ ወንበር ቁጥር 12 አየ።

«ሴትየዋስ?»

«አልመጣችም።»

«ነገርኩህ እኮ ልል ነበር፤ ግን አልነገርኩህም፤ ስቄ ብቻ ነው» አለና ሞተሩን አስነሣ።

1፡20 ላይ ፋጡማ ፎቶ ላከች፤ ሳህን ላይ ሽሮ፣ ግማሹ ተበልቷል፣ ከጎኑ የእትዬ እጅ። ጭሮ ላይ 143። ሚኤሶ ላይ ኔትወርክ የለም። አዋሽ 126። ወንበር 12 ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬዋለሁ።

7፡50፣ መተሐራ። ሐይቁ በግራ በኩል ነው። ስልኬ 112 ይላል፤ ቀስቱ አግድም።

7፡56፣ ከፋጡማ መልእክት፦ «አንኳኳሁ። ተቆጣች። በጣት 118።»