ባለቤቱ አሉ?

በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ቤት ልገዛ ባንክ ገባሁ። እዚህ ጆሃንስበርግ የቤት ብድርን ቦንድ ይሉታል። በዚህ ዕድሜ ቦንድ የሚጠይቅ ሰው ወይ ዘግይቶ የነቃ ነው፣ ወይ ትዳሩ የፈረሰበት። እኔ ሁለቱም ነኝ።

ያስተናገደችኝ ልጅ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። «ሳውቦና ማማ» ብላ በዙሉ ሰላምታ፣ በፈገግታ ተቀበለችኝ። ቅጹን ገልብጣ የልደት ዘመኔን ስታይ ግን ፈገግታዋ ወደ ሐዘኔታ ተለወጠ።

«ማማ፣ ሃያ ዓመት አይሰጡዎትም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ብቻ ነው።»

የብድሩ ዓመት ሲያጥር ቤቱም አጠረ። በመጨረሻ የደረሰችኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ናት። ቢሆንም ፈለግኳት። አራት ክረምት በሰው ግቢ ጓሮ ክፍል ተከራይቼ ኖሬያለሁ፤ ውሃ በከፈትኩ ቁጥር አከራዬ ግድግዳውን ትደበድብብኛለች። የምፈልገው ማንም የማያስወጣኝ በር ብቻ ነበር።

«ያገቡ ነዎት?» አለች ልጅቷ።

«አግብቻለሁ። ግን ተለያይተናል።»

«በፍርድ ቤት?»

በፍርድ ቤት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «ለጊዜው ይቆይ» ብለውን ነበር፤ ጊዜው አራት ዓመት ሆነ። ልጅቷ እንዳስረዳችኝ፣ በሌላ አገር ሕግ ያገባች ሴት እዚህ ቤት ስትገዛ ባሏ መስማማቱን መፈረም አለበት። የተወኝ ሰው ፊርማ ከየት ይመጣል? ከጀፕስታውን ሰፈር ይመጣል፤ እዚያ ነው ብርድ ልብስ የሚያከፋፍለው።

የመጀመሪያውን ቤታችንን ስንገዛ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነበርኩ። የኔ እንግሊዝኛ ስለሚሻል እሱን አጠገቤ አስቀምጬ ጻፍኩ። «ኦውነር» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ልቤ ወዲያው «ባለቤት» ብሎ ተረጎመው። ባለቤቴ ማነው? እሱ ነዋ! ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ አሳምሬ ጻፍኩት። የቤቱ ባለቤት ይሁን የኔ፣ ያኔ ልዩነቱ አልታየኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ፍቅር እያለ ልዩነትም አልነበረውም።

ሌላ ሴት ወድዶ ስንለያይ ግን ቤቱ የሱ፣ ሻንጣው የኔ ሆነ። ክሰሺው ያሉኝ ነበሩ፤ አቅም አጣሁ። ሥራዬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ደም ላይ የተሳሳተ ስም ለጥፌ አላውቅም፤ በገዛ ቤቴ ላይ ለጠፍኩ።

ከባንክ ወጥቼ ደወልኩለት።

«ፊርማህን ፈልጌ ነው።»

«የፍቺ ነው?»

«የቤት ነው። ቤት ልገዛ ነው።»

«እሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» አለኝ።

ሐሙስ ውል የሚያዋውለው ጠበቃ ቢሮ መጣ። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ እሱ ደግሞ በሕይወቱ ካውያ ይዞ አያውቅም። እዚህ ላይ አልዋሽም። እንዲያመነታ ፈልጌ ነበር። እስክሪብቶውን ይዞ «አንቺ፣ ምን ያደርግልሻል ይሄ ሁሉ? ነይ ቤትሽ ግቢ» እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። ብሎኝ ኖሮ ወረቀቱን ቀድጄ እከተለው ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

«የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለ።

ሦስት ቦታ ፈረመ። አንዱንም አላነበበም። ሲጨርስ እኔ የምሞላውን ቅጽ ወደኔ ገፋ አደረገና «ኦውነር» የሚለውን መስመር በጣቱ ነካ፤ ሳቅም አለ።

«በይ አሁን እንኳ የራስሽን ጻፊ።»

ለካ ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ ስሳሳት አይቷል፤ አይቶም ዝም ብሏል። እኔ በራሴ ስሕተት ስቃጠል ስኖር፣ ግማሹ የሱ ዝምታ ነበር። ልሰድበው ፈለግሁ፤ ጠበቃው ፊት አፈርኩ። ስሜን ጻፍኩ። ፊርማዬ ከመታወቂያዬ ጋር አልመሳሰል ብሎ ጠበቃው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ጊዜው ሲደርስ ቁልፉን ተቀበልኩ። በገባሁ በሳምንቱ ጀፕስታውን ካለ ያገር ልጆች ሱቅ መጋረጃ አዘዝኩ፤ የሚሰቅለውን ሰው ቅዳሜ እንልካለን አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሳህን እያጠብኩ በሩ ተንኳኳ።

«ባለቤቱ አሉ?» አለ ሰውየው ከውጭ፣ በአማርኛ።

«የለም» አልኩ ከኩሽና ሆኜ፣ «ማታ ነው የሚመጣው።»

«እሺ እናቴ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ኮቴው ደረጃውን ሲወርድ ነው። በሳሙና እጄ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ልጠራው አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ? ማንም እንደማይመጣ ለማላውቀው ሰው ጮኬ መናገር አቃተኝ። መጋረጃው ሳይሰቀል ሰነበተ።