ስሜን የጻፍኩበት ቀረሮ

ከጎተራ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ሳለሁ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ጭኗ ላይ ካስቀመጠችው ፌስታል የእርጥብ ኮረሪማ ሽታ መጣ። ደርቆ ቅመም ተራ የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ማንም ቤት አለ። ይሄ ገና ከጫካ የወጣው፣ ቀይ ልጣጩ ያልተጨማደደው፣ ሲሰብሩት ዝናብ ዝናብ የሚሸተው ነው። "ከየት ነው ያመጣሽው?" አልኳት፣ ሰላም እንኳን ሳልላት። ፌስታሏን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ "ምን አገባሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሽታውን ስስብ መውረጃዬን አለፍኩት፣ ሥራም አርፍጄ ገባሁ፤ የዘንድሮ ሦስተኛ ሥራዬ ስለሆነ ደግሞ ማርፈድ አልነበረብኝም።

ያንን ሽታ የማውቀው ከልጅነቴ ነው። ሰባት ዓመቴ ላይ እማዬ ከቦንጋ አልፎ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ላለች አንዲት መንደር ነርስ ሆና ተቀጠረች። አባቴ ከዚያ በፊት ጥሎን ሄዶ ነበር፤ ስለ እሱ ይሄ ይበቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ የማውቀው ዓለም ካዛንቺስ የሚገኘው የአክስቴ ግቢ ነው፤ ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ደግሞ ስም ያልተጻፈበት ነገር አልነበረም። ባልዲው ላይ በጥፍር ቀለም "የአልማዝ"፣ ጀሪካኑ ላይ በጥቁር ቀለም "የእነ ሰለሞን"፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ጫፍ ላይ ሳይቀር ስም የተጻፈበት ካርቶን ይንጠለጠል ነበር። ስም የሌለው ነገር የማንም ነው፤ ጠዋት ያስቀመጡት ከሰዓት የለም። ማንበብ የለመድኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከባልዲ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ጉዞው ከአእምሮዬ አይወጣም። ቦንጋ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከቦንጋ በኋላ እህል በጫነ አይሱዙ፣ አይሱዙው ጭቃው ውስጥ ገብቶ አልወጣም ካለበት ቦታ ጀምሮ ደግሞ በእግራችን፣ ዕቃችን በበቅሎ። መንገድ የሚያሳዩን ሰዎች "ቅርብ ነው፣ ቅርብ ነው" ይሉናል፤ በእነሱ ቤት ቅርብ ማለት ግማሽ ቀን ነው። ወንዙን የተሻገርነው ከሐረግ በተጎነጎነ ድልድይ ነው። እግራችሁን ባሳረፋችሁ ቁጥር ድልድዩ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ከታች ውኃው ይጮኻል። እማዬ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ከማንም ጋር ተጣልታ የማትሸነፈው እማዬ፣ መሀሉ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና "ሜሮን፣ አንቺ ምሪኝ" አለችኝ። መራኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም። ስንደርስ ሳጥኑን ከፍተን ስናይ ደግሞ እማዬ ያንን ሁሉ መንገድ ተሸክማ ያመጣችው የኤሌክትሪክ ካውያ ነበር፤ መብራት ወዳልታየበት አገር። ካውያው አምስት ዓመት ሙሉ የጤና ኬላውን ወረቀቶች ነፋስ እንዳይወስዳቸው ሲጫን ኖረ።

እዚያ ሰማይ የሚባል ነገር ብዙ የለም። ቀና ስትሉ ቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ በላይ ሌላ ቅጠል፤ ከዚያ በላይ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያንዘረዘሩ ሲዘሉ ታያላችሁ። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይዘንባል፤ መጀመሪያ ከላይ ቅጠሉ ላይ፣ እሱ ካባራ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ከቅጠሉ እኛ ላይ። ያጠብነው ልብስ በሳምንቱም አይደርቅም። ክብሪት በቆርቆሮ ጣሳ ታሽጎ ይቀመጣል። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ጫማዬን ከአልጋ ሥር ባወጣው ተረከዙ ላይ እንጉዳይ በቅሎበታል። ለጎረቤት ልጆች እየዞርኩ አሳየኋቸው፤ ማንም አልገረመውም።

ከሁሉም የደነቀኝ ግን አጥር አለመኖሩ ነው። አጥር የለም፣ ካርታ የለም፣ ቁልፍ የለም፤ ግን እያንዳንዱ የማር ዛፍ ባለቤት አለው። ከዚህ ምንጭ እስከዚያ ድንጋይ የእገሌ ነው፣ ይቺ ዛፍ ከአያቱ ለእገሌ የደረሰች ናት፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ። ሰዎቹ ከግንድ የፈለፈሉትን ቀፎ በሐረግ ገመድ ጎትተው ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፣ ንቦቹ ይገቡበታል፣ ማሩ ሲደርስ ባለቤቱ ወጥቶ ያወርደዋል። ዛፉ የቆመው ማንም በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቢሆንም ሌላ ሰው አይነካውም። ይሄ ለካዛንቺስ ልጅ ተአምር ነበር። እኛ ሳሙና እንኳን አስቀምጠን አናውቅም!

ጎረቤታችን አባባ ሻዎ የመንደሩ ትልቁ ንብ አርቢ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ሽማግሌ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን ከእማዬ ጋር በጫካው መንገድ አብረናቸው ስንሄድ ዛፎቻቸውን አንድ በአንድ እያሳዩን ነበር።

"አንተ ስንት ዛፍ አለህ?" አልኳቸው።

እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "አንተ አይባልም! እርስዎ በይ።"

"እርስዎ ስንት ዛፍ አለህ?"

"አሥራ አንድ" አሉ፣ ትከሻቸው መሳቅ ጀምሮ።

ትንሽ ቆይቶ፣ እማዬ ሰላም ልትል አንድ ጎጆ ስትገባ፣ ጠጋ አልኳቸውና "ታዲያ አንዷን ለእኔ ስጡኝ፤ እኛ ምንም የለንም" አልኳቸው። ልመና አልነበረም፤ ሒሳቡን መናገሬ ነው። አባባ ሻዎ ቆሙ። መንገዱ ዳር ካለው ትልቅ ቀረሮ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ ቀረሮ ማለት አንገታችሁ እስኪያማችሁ ብታዩት ጫፉ የማይገኝ ዛፍ ነው። "ይቺ ያንቺ ትሁን" አሉና ሳቁ። ለማንም አልነገርኩም። እሳቸውም አልተናገሩም።

አንድ ነገር የእኔ ሆነ ማለት ለእኔ ምን ማለት ነው? ስም መጻፍ ነዋ። በማግስቱ ከእማዬ ዕቃ መሀል ምላጭ ሰርቄ ሄድኩና የቀረሮው ልጥ ላይ፣ ቁመቴ በደረሰበት ቦታ፣ "ሜሮን" ብዬ ቆርጬ ጻፍኩ። "ሜ" ትንሽ ጠመመች፤ ሌሎቹ ግን ያምራሉ። እጄን ጠርጌ ወደ ቤት ሄድኩ፣ ደስ ብሎኝ።

እዚያ አገር የማር ዛፍ ልጥን በስለት መቁረጥ ግን አንድ ነገር ብቻ ማለት ነው፤ ይህ ዛፍ ክርክር አለበት፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ማንም እንዳይወጣበት። እኔ በምን ልወቅ? በሦስተኛው ቀን የአባባ ሻዎ ልጅ መንገሻ ቀፎውን ሊያወርድ ሄዶ ቁርጡን አየና ባዶ እጁን ተመለሰ። መንገሻ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሊያገባ የተቃረበ ጎረምሳ ነበር፤ የሠርጉ ጠጅ የሚጣለው ደግሞ በዚያ ዛፍ ማር ነው። ትልቁ ዝናብ እየመጣ ነው፤ ዝናቡ ከቀደመ ንቦቹ ማሩን ይበሉታል። መንደሩ በአንድ ቀን ተናጋ። "የሻዎን ዛፍ የደፈረው ማነው?" ይባላል፣ እኔም ከሰው ጋር ሆኜ "ማነው?" እላለሁ፤ የምር አልገባኝም ነበር።

እሑድ ዕለት አራት ሽማግሌዎች የቀረሮው ሥር ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ወጣ፤ እማዬ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ መጣች፤ የመንግሥት ሰው ነኝ ለማለት መሰለኝ። አንዱ ሽማግሌ መንገሻን "አንተ ፊደል ቆጥረሃል፤ እስቲ እየው፣ ጽሑፍ ይመስላል" አሉት። መንገሻ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ "ሜ... ሮ... ን" አለ።

ያን ሁሉ ዓይን አሁንም ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። እማዬ "ወይኔ!" አለች፣ በዝግታ።

"ልጄ" አሉ ሽማግሌው፣ ለእኛ ሲሉ በአማርኛ፣ "ክርክርሽ ከማን ጋር ነው?"

"ከማንም።"

"ታዲያ ለምን ቆረጥሽ?"

"የእኔ ስለሆነ።"

መንገሻ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "ያንቺ? ትናንት ዕቃሽን በበቅሎ ጭነሽ መጥተሽ? ማን ሰጠሽ?"

አባባ ሻዎን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለልጃቸው አልነገሩትም። "እሳቸው" ካልኩ ሰው ፊት ከልጃቸው ጋር አጣላቸዋለሁ። ምናልባትም "ቀልዴን ነው" ይላሉ፣ ዛፌም አብሮ ይሄዳል። "ተሳስቻለሁ" ካልኩ ደግሞ፣ እዚያው ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ በሐሰት የከሰሰ ሰው ያንን ዛፍ ዕድሜ ልኩን አያገኘውም። እኔ አፌን ዘግቼ የማላውቅ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሲቀጡኝ እንኳን መልስ የምሰጥ፣ ዝም አልኩ።

ከዚያ አባባ ሻዎ ተነሱ። "ሰጥቻታለሁ" አሉ። "ስሰጣት ስቄያለሁ፤ የሳቅኩት ግን ደስ ብሎኝ ነው። አሥራ አንድ ዛፍ ሲኖረኝ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።"

መንገሻ ቅጠሉን በእግሩ መትቶ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ሲነጋገሩ ቆዩና ፈረዱ። የዘንድሮው ማር ለሠርጉ ይሁን፤ ዛፉ ግን የልጅቷ ነው። ሴት ልጅ ዛፍ ስለማትወጣ በየዓመቱ ቀፎዋን የሚሰቅልላት መንገሻ ነው። እሷ ገመዱን ትጎትታለች። እሷ በገዛ አፏ ለቅቄያለሁ እስክትል ድረስ ዛፉን ማንም አይወስደውም። ለቆረጠችው ልጥ ደግሞ ቁስሉ እስኪድን ጭቃ ትቀባዋለች። ቀባሁት፣ አንድ ክረምት ሙሉ፤ እማዬ ከኋላዬ ቆማ "ደህና አድርገሽ ቀቢ፣ ባለጌ" እያለች።

በሚቀጥለው ዓመት መንገሻ ቀፎ ሊሰቅልልኝ ሲመጣ ከሩቅ "ባለርስቷ! ገመድሽን ያዢ!" ብሎ ጮኸ። ሊያሾፍብኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አልነበረኝም። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ "ባለርስቷ፣ ግብር ከፈልሽ?" ይለኛል፣ እኔም አፈር አንስቼ እወረውርበታለሁ። ሦስት ዓመት ከዛፌ ማር በላሁ። ነጭ ነው፣ ወፍራም፣ ከጣት ላይ የማይወርድ። ሚስቱ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ "የዛፍሽ ነው" ብላ ስታቀብለኝ የነበረውን ኩራት፣ ከዚያ በኋላ ደሞዝ ተቀብዬም አላገኘሁትም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ እማዬ አዲስ አበባ ሥራ አገኘች። አባባ ሻዎ እስከ ድልድዩ ድረስ ሸኙን፤ "ለማር እመጣለሁ" አልኳቸው። በየዓመቱ ልሄድ ነበር። ትምህርት አለ፣ ከዚያ መንገዱ ተበላሸ ተባለ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ... ምክንያት አላጣም። የአክስቴ ግቢ ከሰፈሩ ጋር ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ገባን። የዚያ ግቢ ወረቀት፣ ማኅተም የተመታበት ሁሉ፣ አሁንም ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ግቢው የለም።

ባለፈው ወር ካዛንቺስ፣ የምሠራበት ሆቴል ጓሮ በር ላይ ቆሜ ሳለ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። "ሄሎ፣ ባለርስቷ" አለኝ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ እንኳን የመንገሻን ድምፅ ለማወቅ አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም። ቁጥሬን ከእማዬ ተቀብሎ ነው። አባባ ሻዎ ማረፋቸውን ነገረኝ። አለቀስኩ፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"በየዓመቱ ቀፎሽን ሰቅያለሁ" አለ። "ማሩን እኛ በልተነዋል፣ አልዋሽሽም። አሁን ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያንን ዛፍ ስጠኝ እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። ውሰጂ ልላት አልችልም፤ የእኔ አይደለም። ትመጫለሽ ወይስ ትለቂያለሽ? ልቀቂ አላልኩሽም።"

"እመጣለሁ" አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቴ የምተኛበት አልጋ የእማዬ ነው፣ ቤቱ የኪራይ ነው፣ የሥራ ልብሴ እንኳን የሆቴሉ ነው። አንድ ወረቀት በሌለበት ጫካ ውስጥ ግን፣ አንዴ ያሳዘንኩት ሰው ከአፌ የሚወጣ አንድ ቃል ሲጠብቅ ይሄን ሁሉ ዓመት ዛፌን ጠብቆልኛል። እንደማልሄድ ደግሞ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው እዋሽ ይሆናል፤ ለእሱ ግን አልችልም።

"ለቅቄያለሁ" አልኩት።

"ጮክ በይ፣ ሽማግሌዎቹ አልሰሙም። ላውድ ላይ ነሽ።"

"ለቅቄያለሁ! ዛፉን ለልጅህ ለቅቄያለሁ!"

የሆቴሉ ጥበቃ ዞሮ አየኝ። በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ያረጀ ድምፅ "ሰምተናል" አለ፤ ሌላውም ተከትሎ "ሰምተናል።" ከኋላቸው ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል፤ መንገሻ አንድ ነገር እያለኝ ነበር፤ ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይሠራም። ቆሜ ቀረሁ፣ የልጅቷን ስም እንኳን ሳልጠይቅ። ዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው።